የመጀመሪያዬ ነው፣ ሲስተር

ካርዱ ላይ «ኦ ኔጋቲቭ» የሚል ሳይ ዓይኔ ወዲያው ወደ እርግዝና ቁጥሩ ይሄዳል። «1» ተብሎ ከተጻፈ ቶሎ አላምነውም።

አዋላጅነት ስጀምር አምን ነበር። አንዲት እናት «የመጀመሪያዬ ነው፣ ሲስተር» አለችኝ፤ ጻፍኩ፣ አለፍኩ። የኩምብስ ምርመራዋ ውጤት ሲመጣ ግን ሰውነቷ አንቲቦዲ ሠርቶ ተገኘ። ደም ተሰጥቷት አያውቅም። እውነቱን የነገረችኝ ባሏ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ ነው፦ ከመጋባታቸው በፊት በአራት ወሩ የወጣ ፅንስ ነበር።

አሁን «አስወርዶሽ ያውቃል?» ብዬ አልጠይቅም። ብቻዋን ሳገኛት «ወር አበባሽ ቀርቶ ቆይቶ ብዙ ደም ፈሶሽ ያውቃል?» እላለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው።

የፅንሱ ፖዘቲቭ ደም ወደ ኔጋቲቭ እናት ሲገባ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዘጋጅበታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል፤ አንቲቦዲው በእንግዴ ልጁ አልፎ የሚሰብረው የሚቀጥለውን ልጅ ቀይ የደም ሴሎች ነው። መንደራችን «ሾተላይ አለባት» ሲል ያየው ነገር እውነት ነበር፤ የሳተው ምክንያቱን ነው። ጥፋቱንም በሴቲቱ ላይ ጣለው።

አንቲቦዲው እንዳይሠራ የሚከላከለው መርፌ፣ አንቲ-ዲ፣ በ28ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደም በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ይህ 72 ሰዓት ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኒውዮርክ ሲንግ ሲንግ እስር ቤት ፈቃደኛ እስረኞች ላይ ሲሞከር፣ ተመራማሪዎቹ እንዳሻቸው እየተመላለሱ መግባት ስላልተፈቀደላቸው መርፌውን የሰጡት ፖዘቲቭ ደም ከወጓቸው ከ72 ሰዓት በኋላ ነበር። ሠራ፤ ቁጥሩም በዚያው ጸና። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን የመጣችን እናት «አልፎሻል» ብሎ መመለስ ስህተት ነው። ቢዘገይም እስከ አሥረኛው ቀን ጥቂት ሊጠቅም ይችላል፤ ይህን የምጽፈው ስህተቱ ሲሠራ ስላየሁ ነው።

አንቲቦዲው ከተሠራ በኋላ ግን መርፌው አይመልሰውም። ለዚያች «የመጀመሪያዬ ነው» ላለችኝ እናት የቀረው ክትትል ነበር፦ ሪፈራል ሆስፒታል ሄዳ በዶፕለር በፅንሱ አንጎል የደም ሥር ውስጥ ያለው የፍሰት ፍጥነት እንዲለካላት። ደሙ ሲያንስ ፍሰቱ ይፈጥናል።

ችግሬ ካርዱ ነበር። ካርዱን ቤት ይዛው ትሄዳለች፤ ባሏም ያነባል። «1»ን አልሰረዝኩም። እውነቱን ሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፍኩና ፖስታ ውስጥ ከትቼ አሸግኩት።

«ለሐኪሙ ብቻ» አልኳት። ፖስታውን ነጠላዋ ሥር ደበቀችው፤ ባሏም መድኃኒቱን ይዞ ገባ።