የዘገየው ሮስተር

የሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ታርሞ ማርክ በሚሞላበት ሰሞን በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚሰማው ሮሮ አንድ ዓይነት ነው፤ «ኮምፒዩተሩ ደክሟል፤ አዲስ ይገዛልን» ይባላል። አንድ ማርክ ተጽፎ ወደሚቀጥለው እስኪታለፍ ድረስ ኤክሴል ይደነዝዛል። መምህሩም ይጠብቃል፤ ሲሰለቸው በግድ ይዘጋዋል፤ ያልተቀመጠው ማርክም አብሮ ይጠፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሮሮ መርምሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በሚዛን ማየት ነው።

በመጀመሪያ ለፕሮግራሙ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ፈር ቀዳጅ የሆነው ቪዚካልክ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣ ዋና ጥቅሙ አንድ ቁጥር ሲለወጥ ድምሩን ራሱ ማስተካከሉ ነበር። ኤክሴልም ይህንኑ በብልሃት ይሠራል። ይኸውም አንድ ሴል ሲለወጥ ሠንጠረዡን በሙሉ እንደገና አያሰላም፤ በተለወጠው ሴል ላይ የተመሠረቱትን ብቻ ለይቶ ያሰላል።

አሁን ሥራውን እንመዝነው። ስልሳ ተማሪዎችና አሥራ አንድ የትምህርት ዓይነቶች ያሉት ሮስተር 660 ማርክ ይይዛል። ደረጃ ለማውጣት የእያንዳንዱ ተማሪ አማካይ ከስልሳዎቹ ጋር ቢነጻጸር 3,600 ንጽጽር ይሆናል። ይህ ለአሮጌ ኮምፒዩተር እንኳ የዓይን ጥቅሻ ያህል ሥራ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ማርክ የያዘ ፋይል ሲንፏቀቅ ኮምፒዩተሩን ብቻ መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ታዲያ ሸክሙ ከየት መጣ? አብዛኛውን የጫንነው እኛው ነን። ያምናውን ፋይል ገልብጠን ዘንድሮ እንሠራበታለን፤ የከርሞውም ከዘንድሮው ይገለበጣል። መስመርና ቀለም ስልሳኛውን ተማሪ አልፎ እስከ ሺዎች ይጎተታል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ አንድ የኤክሴል ገጽ 1,048,576 አግድም ረድፎች ስላሉት የሚያስቆመን ወሰን የለም። ከ50 በታች ያለውን ማርክ ቀይ አድርግ የሚለው ትእዛዝም በቀዳንና በለጠፍን ቁጥር ይባዛል። ከዚህም ሌላ ቱዴይ፣ ኦፍሴትና ኢንዳይሬክት የተባሉት ፎርሙላዎች የትኛውም ሴል ሲነካ እንደገና ይሰላሉ። የሃያ ክፍል ሮስተር በአንድ ፋይል ታጭቆ ማርኩ ሁሉ በኢንዳይሬክት ከሌላ ገጽ የሚመጣ ከሆነ፣ አንዲት ማርክ በጻፍን ቁጥር 13,200 ፎርሙላዎች ይነሣሉ ማለት ነው። ከላይ ያመሰገንነውን የፕሮግራሙን ብልሃት በገዛ እጃችን አፈረስነው።

ከመዘግየቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በየትምህርት ቤቱ የተለመደው መድኃኒት ነው። ይኸውም ስሌቱን ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል መለወጥ ነው። በእርግጥ ፋይሉ ወዲያው ይፈጥናል፤ ምክንያቱም ማስላት ትቷል። ወደ ማሠልጠኛ ተቋም ከመዛወሬ በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊ ሳለሁ ባልደረባዬ በራሱ ፋይል ላይ ይህንኑ አድርጎ ነበር። እኔ የእርሱን ፋይል ከፈትሁ፤ ሳልዘጋውም የራሴን ከፈትሁ። የአንዲት ተማሪ የሒሳብ ማርክ 85 ሆኖ ሳለ 58 ተብሎ ተጽፎ ስለነበር አረምሁት። ማስቀመጥ ብዙ ደቂቃ ስለሚወስድም ሳላስቀምጥ አተምሁ፤ ከታተመውም ወደ ካርድ ገለበጥሁ።

በማግሥቱ ተማሪዋ ወረቀት ይዛ መጣች። «መምህር፣ ማርኬን ስደምረው 885 ነው፤ ካርዱ ግን 858 ይላል» አለችኝ። ፋይሉን ብከፍት 885 ይላል። ለካ ማታ ሳስቀምጠው ፕሮግራሙ ደምሮት ኖሯል። ዘጠነኛ ያልኳት ልጅ አራተኛ ነበረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የስልሳውንም ካርድ እንደገና ጻፍሁ። ያቺ ልጅ ባትደምር ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

እዚህ ላይ ፕሮግራሙም ከወቀሳ አያመልጥም። መጀመሪያ የተከፈተው ፋይል የስሌት ሥርዓት ከእርሱ በኋላ ለሚከፈቱት ሁሉ ይተላለፋል፤ እኔ የነካሁት ነገር አልነበረም። ድምሩ አሮጌ መሆኑን ሊነግረኝ ይችል የነበረው በማያው ግርጌ የምትታይ «ካልኩሌት» የምትል አንዲት ትንሽ ቃል ብቻ ነበረች። የሚያዘገየው የትኛው ፎርሙላ እንደሆነም አይነግረንም። የሰው ውጤት የሚሠራበት መሣሪያ ስሕተቱን በሹክሹክታ መናገር አልነበረበትም።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዙ መልካም ነው። አስቀድመው የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ አዲስ ባዶ ፋይል ከፍተው ይሞክሩ፤ ባዶውም ከዘገየ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭነው ሜሞሪው ወይም ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮልን እንደያዙ ኤክሴልን ሲከፍቱት ከፈጠነ ደግሞ ጥፋቱ በላዩ የተጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ነው። ባዶው ፈጥኖ ሮስተሩ ብቻ ከዘገየ ችግሩ ከፋይሉ ነው። ኮንትሮልና ኤንድን ሲጫኑ ጠቋሚው ከመጨረሻው ተማሪ እጅግ ርቆ ከወረደ ትርፍ ረድፎቹን ሰርዘው ያስቀምጡ። የተደራረበውን የቀለም ትእዛዝ አጥፍተው አንድ ብቻ ይተዉ። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ፋይል ያድርጉ። ማኑዋል ግድ ከሆነም ከማተም በፊት ኤፍ 9ን መጫን አይዘንጉ፤ ሥራው ሲያበቃም ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት።

ተማሪዎችም ካርዳችሁን ስትቀበሉ ደምሩት። መምህሩን መጠራጠር አይደለም፤ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ሮስተር ቢዘገይ የሚጠፋው የመምህሩ ጊዜ ነው፤ ቢሳሳት ግን የሚጎዳው የተማሪው ልፋት ነው። ለፍጥነት ብለን ያንን አደራ አንብላ።