የፀሐይ ሊብሬ

ልደታ ውስጥ ካሉ ጋራዦች በአንዱ የአሮጌ ቮልስ ፓራፋንጎ ተፈትቶ ይቀጠቀጣል። ባትላሜራው ከሥር ብረት ደግፎ ከላይ በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል። ቆም ይልና በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ዓይን ያላየችውን እብጠት መዳፍ ያገኘዋል። ስቱኮ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እጁን የሚያምን ባለሙያ ስቱኮ አያበዛም። የመኪናዋ ማስረጃ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሊብሬው ላይ። ሊብሬ የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንዲሁም የባለንብረት ስም ይይዛል። መኪናዋን ቅርጽ ያስያዘ እጅ በሊብሬ ላይ መስመር የለውም።

የብርቅዬ ተሽከርካሪዎች ታሪክም በአብዛኛው የሚጻፈው እንደ ሊብሬ ነው፤ ማን ገዛው፣ ለማን ሸጠው እየተባለ። ይህ አጻጻፍ አውሮፓን ብዙም አልጎዳም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የብርቅዬ መኪናዎች ፋብሪካ ሻንሲና ሞተር ያቀርብ ነበር፤ አካሉን ደግሞ ሌላ የእጅ ባለሙያ ቤት ይሠራ ነበር። ስለዚህ የሚላኖው ቱሪንግ ስም ከአልፋ ሮሜዮ ስም እኩል ሲጠራ ኖሯል። ዕውቀቱም ከሰማይ ወደ ምድር የወረደ ነበር። ፖርት ኦ ፕሪንስ ውስጥ ከሄይቲያዊት እናትና ከአሜሪካዊ አባት የተወለደው አብራሪ ቻርልስ ዋይማን፣ የአውሮፕላንን የእንጨት አጽምና የጨርቅ ልባስ ወደ መኪና አካል አመጣ፤ ቱሪንግም በእርሱ ፈቃድ ሠርቷል። አውሮፕላንና በእጅ የተሠራ የስፖርት መኪና የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

የእኛው ብርቅዬ ከዚህ ቤተሰብ ናት። «ኢትዮጵያ 1» ወይም «ፀሐይ» የተባለችው ቀላል አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 አቃቂ ውስጥ ተሠራች፤ የሥራው መሪ ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ነበር። ስሟ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። ሞተሯ ከቼኮዝሎቫኪያው ቫልተር ፋብሪካ የወጣ ባለ ሰባት ሲሊንደር «ቬኑስ» ነበር። ሞተሩ ከውጭ፣ አካሉ ከዚሁ፤ ልክ እንደ ዘመኑ ምርጥ መኪናዎች።

ፀሐይ ስትነሣ «የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን» ማለት ተለምዷል። አባባሉ መታረም አለበት። ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። የፀሐይ ክብር ቀድሞ በመምጣት አይለካም፤ እዚሁ በመሠራቷ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «የመጀመሪያዋ» ስንል ባለንብረት እንሆናለን፤ «እዚህ የተሠራች» ስንል ደግሞ ሠሪ። እስከ ዛሬ የሚነገረው ትረካ ንጉሡን፣ ልዕልቲቱንና ቬበርን በስም ይጠራል፤ አብረው የሠሩትን ግን «ኢትዮጵያውያን» በሚል የጅምላ ስም ያልፋቸዋል። ባትላሜራው ከሊብሬው የቀረው በዚሁ መንገድ ነው።

የባለቤትነቱ ታሪክም በቃላት ተሸፍኗል። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ፀሐይም ተወሰደች። በኋላ ከሮም በስተ ሰሜን፣ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ታየች። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ለኢትዮጵያ አስረከባት። ርክክቡ የወዳጅነት ምልክት ተደርጎ ተነገረ፤ እኔም ደስታውን እጋራለሁ። ነገር ግን የካቲት 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 አለ። ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎች፣ ንዋየ ቅድሳት፣ መዛግብትና ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ውሉ በጸና በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ጣሊያንን ያስገድዳል። ውሉ የጸናው መስከረም 1940 ዓ.ም. ስለሆነ ቀነ ገደቡ መጋቢት 1941 ዓ.ም. አልቋል። በእኔ ንባብ ፀሐይ «ታሪካዊ ዋጋ ካላቸው ዕቃዎች» አንዷ ናት። ስለዚህ የተመለሰችው 75 ዓመት ገደማ ዘግይታ ነው፤ የአክሱም ሐውልት እንኳ ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ቀድሟታል። የዘገየ ዕዳ ሲከፈል ደረሰኝ ይሰጣል፤ ስጦታ ሆኖ ከተመዘገበ ግን ገና ያልተመለሱትን የሚጠይቅ አፍ ይዘጋል።

ወደ ልደታ ልመለስ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ ወደ ካይሮ የተነሣው ከዚህ ሰፈር ሜዳ ነው። ጄት ሲመጣ ማኮብኮቢያው አጠረና ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ «አሮጌው አየር ማረፊያ» የሚለው ስም ግን በሰው አፍ ቀረ። ሜዳ ስሙን ትቶ ሲሄድ፣ ሜዳው ላይ ሞተር ሲያጥቡ፣ ልባስ ሲጠግኑ የኖሩት እጆች ስም መጥፋት አልነበረበትም።

ስለዚህ ፀሐይ በምትታይበት ቦታ አጠገቧ የሚቆመው ጽሑፍ አራት መስመር ይኑረው እላለሁ፤ ማን ሠራት፣ ማን ወሰዳት፣ በየትኛው ሕግ መቼ መመለስ ነበረባት፣ መቼ ተመለሰች። የመጀመሪያው መስመር ከቬበር ስም በታች ለኢትዮጵያውያኑ ሠራተኞች ስም ቦታ ይተው፤ ባዶው ቦታ ራሱ ተመራማሪን ይጠራል። ልደታ ጋራዥ ውስጥ ያለው ባትላሜራ ደግሞ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ስሙን ለመጻፍ 90 ዓመት መጠበቅ አያስፈልገንም። ፓራፋንጎውን በመዳፉ ዳብሶ «አሁን ተስተካከለ» ሲል ቀርቦ ስሙን መጠየቅ ይበቃል።