ቁልፍና ፍርፋሪ

ለወጣቶች በሚጻፉ የውጭ አገር ልብ ወለዶች ዘንድ ዛሬ እጅግ ከተዘወተሩት ርእሶች አንዱ የመሣሪያ ዘመን ፍጻሜ ነው። ነዳጁ ያልቃል፥ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፥ ከተማው ይፈርሳል፤ በፍርስራሹም መካከል አንድ ወጣት በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ዕድሉን ይፈልጋል። ይህን ዓይነቱን ድርሰት ብዙ መምህራን እንደ ቀልድ ይንቁታል፤ ብዙ ተማሪዎች ደግሞ በፍቅር ያነቡታል። እኛ ንቀቱንም ፍቅሩንም ለጊዜው ወደ ጎን ትተን፥ ነገሩ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚጎድለው ብንመረምር ይሻላል።

ስለ ፍጻሜ ማሰብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ፍካሬ ኢየሱስን እያነበቡ ስለ መጨረሻው ዘመን ሲነጋገሩ ኖረዋል፤ «ስምንተኛው ሺህ ገባ» የሚለውም አነጋገር እስከ ዛሬ ድረስ በየቤቱ ይሰማል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በእኛ ትውፊት ዓለም የሚናወጠው የሰው ጠባይ ሲበላሽ ነው፤ በአዲሶቹ ድርሰቶች ግን የሚናወጠው መሣሪያው ሲበላሽ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1902 ዓ. ም. ባወጣው «መሣሪያው ቆመ» በተባለ አጭር ታሪክ ሁለቱን ሐሳቦች አገናኝቶአቸው ነበር። በዚያ ታሪክ ሰዎች ከምድር በታች በየክፍላቸው ተቀምጠው ምግቡንም፥ ዜማውንም፥ ትምህርቱንም ከአንድ ታላቅ መሣሪያ ይቀበላሉ፤ እርስ በርስ መነካካትን እንኳ ይጸየፋሉ። ስለዚህ መሣሪያው በቆመ ጊዜ የሚያነሣቸው ጎረቤት አልነበራቸውም።

ከአዲሶቹ መካከል በዝና የታወቀው አሜሪካዊው ኧርነስት ክላይን በ2003 ዓ. ም. ያሳተመው «ሬዲ ፕሌየር ዋን» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2045 ዓ. ም. ሲሆን፥ ድህነትና የኃይል እጥረት የመረራቸው ሰዎች «ኦኤሲስ» በተባለ በኮምፒዩተር በተፈጠረ ዓለም ውስጥ ይኖራሉ። የዚያ ዓለም ፈጣሪ ሲሞት ሦስት ቁልፎችን ሸሽጎ፥ ቁልፎቹን ያገኘ ሰው ሀብቱን ሁሉ እንዲወርስ ይናዘዛል። ዌድ ዋትስ የተባለው ድኻ አደግ ወጣት ከአንድ ታላቅ ኩባንያ ጋር ተወዳድሮ፥ በባልንጀሮቹም ረዳትነት ያሸንፋል።

መጽሐፉ አንባቢን አንጠልጥሎ የመውሰድ ችሎታ አለው፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ዌድን ለድል ያበቃው ዕውቀት ምን ዓይነት ዕውቀት ነው? ሟቹ ባለጸጋ በልጅነቱ የወደዳቸውን ጨዋታዎችና ፊልሞች ሳይሳሳቱ በቃል መያዝ ነው። ወጣቱ የራሱን ዘመን ትቶ የሌላውን ሰው ልጅነት ያጠናል። በመጽሐፉ መጀመሪያ ገደማ ዌድ ሌሎች የጣሉትን አሮጌ ኮምፒዩተር እየጠገነ የዕለት ጉርሱን እንደሚያገኝ ተጽፎአል፤ ደራሲው ግን ይህን በጥቂት ቃል አልፎ ወደ ውድድሩ ይቸኩላል። ለእኛ አንባቢ የመጽሐፉ ቁም ነገር የሚገኘው ከዚያ ከታለፈው ስፍራ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ለዚህ ርእስ የሚቀርበው ሥራ መጽሐፍ ሳይሆን ፊልም ነው። እስፓኛዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ በአማርኛ ቋንቋ ያዘጋጀው «ክራምስ»፥ ትርጓሜውም ፍርፋሪ፥ በ2007 ዓ. ም. ለሕዝብ ታየ። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቱአቸው ሁለት ፍቅረኞች ዓለም ካለፈ በኋላ በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ይኖራሉ። ከሰማይ ላይ ብዙ ዘመን ሳይንቀሳቀስ የቆየ መንኮራኩር ተንጠልጥሎአል። አንድ ቀን ኳስ የሚመልሰው መሣሪያ በገዛ እጁ መሥራት ይጀምራል፤ ሰውዬውም ምልክት የታየ መስሎት መንገድ ይወጣል። በዚያ ዓለም የልጆች የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ውድ ቅርስ ይሸጣሉ፤ በማይክል ጆርዳን ሥዕል ፊት ጸሎት ይደረጋል። ስለ ዕቃዎቹ የሚነገረው ታሪክ ግን ሁሉም የተዛባ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም ከአንድ ማከማቻ፥ ይኸውም ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከነበረው የአሜሪካ ጨዋታና መዝናኛ፥ ዕቃ አውጥተዋል። አሜሪካዊው ልብ ወለድ ዕቃውን የሀብት መክፈቻ ቁልፍ አደረገው፤ በአገራችን የተሠራው ፊልም ግን ከሌላ ሰው ማዕድ የወደቀ ፍርፋሪ አለው። ስያሜው ብቻ አንድ ታላቅ ሒስ ነው። በመጀመሪያው ሰዎች ሁሉን ያስታውሳሉ፥ ትዝታቸው ግን ለውድድር እንጂ ለኑሮ አይጠቅምም፤ በሁለተኛው ሁሉን ያከብራሉ፥ ያከበሩትን ግን አያውቁም።

ፊልሙም ነቀፌታ አያመልጥም። የዳሎልን ቢጫ ምድር ማሳየቱ ዐይንን ይማርካል፤ የጉዞው ክፍሎች ግን እርስ በርሳቸው በጠበቀ ክር አልተሰፉም። ከዚህ የሚከብደው ጉድለት ግን ጎረቤት እምብዛም የማይታይበት መሆኑ ነው። ዕድሩ፥ ቡናው፥ ለቅሶው ወዴት ሄደ? ትዝታ የሚጠፋው ዕቃው ስለ ተሰበረ አይደለም፤ «ይህ ምን ነበር?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ስለ ጠፋ ነው። ፊልሙ ጥፋቱን አሳይቶ ምክንያቱን ሳይነግረን ያልፋል።

ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከቄራ ተነሥቶ የቂርቆስን አካባቢ መዘዋወር ይበቃል። ለገሃር የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ. ም. ነበር፤ አሮጌው መሥመር ሥራውን ካቆመ በኋላ በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ከከተማው ዳር እንጂ ከለገሃር አይደለም። መሣሪያው ሄዶ ስሙ ቀረ። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የጣሊያን ድርጅት ነው። ድርጅቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በ2017 ዓ. ም. ደግሞ የሠፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈርሶአል። በዚያ ተወልዶ ወደ ሌላ ሠፈር የሄደ ልጅ ነገ ስለ ካዛንቺስ ሲጠየቅ የሚመልሰው ትክክለኛ ታሪክ ይኖረዋልን? ወይስ እንደ ፊልሙ ባለሱቅ የፈጠራ ተረት ይነግረናል?

የቄራ ወጣት በፕሌይ ስቴሽን ቤት ከፍሎ ኳስ ሲጫወት መብራት ሲጠፋ ዓለም ያለፈ አይመስለውም፤ ወጥቶ ጆተኒ ይጫወታል፥ ወይም ደጅ ቆሞ ከባልንጀሮቹ ጋር ይከራከራል። በሰኔ ወር 2012 ዓ. ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜም ሰው ወሬውን በስልክና በቃል ይቀባበል ነበር። ይህን ስንል መቋረጡን ለማወደስ አይደለም፤ ሥራም ትምህርትም የሚጎዳበት ከባድ ነገር ነው። ነገር ግን የመሣሪያ መቆም ለአሜሪካዊው ደራሲ የሩቅ ትንቢት ሲሆን፥ ለእኛ በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር መሆኑ ለአማርኛ ልብ ወለድ የተለየ መነሻ ይሰጠዋል። መቆሙ ብቻውን ስለማያስደነግጠን፥ ደራሲያችን መሣሪያው ከቆመ በኋላ ማን ማንን ያስተምራል ወደሚለው ጥያቄ በቀጥታ ሊገባ ይችላል።

አማርኛ ለእንዲህ ያለው ምናብ ጉልበት ያንሰዋል የሚል ሰው ቢኖር፥ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ. ም. ያሳተመውን «አልወለድም» ያስታውስ። ከማኅፀን ሳይወጣ ከዓለም ጋር የሚሟገትን ፅንስ ባለታሪክ ያደረገ ቋንቋ፥ መብራት በጠፋበት ከተማ የሚኖረውን ወጣት ለመሣል አያቅተውም። ደራሲ የሚሆነው ወጣት ግን ከባዕድ መጽሐፍ ቁልፉን ብቻ ገልብጦ በሩን እንዳይረሳ ያስፈልጋል። የእኛን በር የሚከፍተው የተጣለውን መሣሪያ ፈትቶ የሚጠግነው እጅና የሠፈሩን ታሪክ የሚያውቁት ሽማግሌ አንደበት ነው።

ስለዚህ መምህራን እነዚህን ሥራዎች ከተማሪዎቻቸው እጅ ከመንጠቅ ይልቅ፥ ካነበቡና ካዩ በኋላ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁአቸው መልካም ነው፤ በሠፈራችሁ ሥራውን ያቆመ መሣሪያ ወይም የፈረሰ ቤት የትኛው ነው? ምን ይሠራበት እንደ ነበረስ የሚነግራችሁ ማን ነው? መልሱን ጽፈው የሚያመጡ ልጆች ከሌላው ማዕድ ፍርፋሪ አይጠብቁም።