መስቀል አደባባይ በጁሊ ምህረቱ ሸራ

ስለ ሠዓሊት ጁሊ ምህረቱ በአማርኛ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከትውልዷ ነው፦ በ1970 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አዲስ አበባ ተወለደች፣ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር አገር ለቃ ሚሺጋን ገባች። ከዚያ ሸራው ላይ ናፍቆት ፍለጋ እንገባለን። በ2016 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ያቀረበችው ዐውደ ርእይም ከዚህ ዓይን አያመልጥም። ሥዕሎቿ ግን ለናፍቆት አይመቹም።

በ2012 በጀርመን ካሰል ከተማ በዶኩሜንታ ዐውደ ርእይ የታየው «ሞጋማ» አራት ሸራ ነው፤ የእያንዳንዱ ቁመት ከ4 ሜትር ተኩል ያልፋል። ስሙ የሕዝብ ዐመፅ በታየበት በካይሮ ታህሪር አደባባይ ከቆመው ግዙፍ የመንግሥት ሕንፃ የተወሰደ ነው። ከታህሪር ሕንፃዎች ጋር ተቃዋሚዎች የሰፈሩበት የኒውዮርኩ ዙኮቲ ፓርክና የኛው መስቀል አደባባይ ተደራርበዋል። አሠራሯ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ የሕንፃ ፕላን በቀጭን መስመር ይነሣል፤ በላዩ ጥርት ያለ አክሪሊክ ይቀባል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በዚያ ላይ ሌላ ከተማ ይሣላል። ከሁሉ በላይ በእጅ የተጫሩ አጫጭር ጥቁር መስመሮች ይርመሰመሳሉ። ከሩቅ አቧራ የመሰለው ሲጠጉት መስኮት፣ ዓምድ፣ የደረጃ ጠርዝ ሆኖ ይገኛል። ኢስታንቡልንም በ2003 በዚሁ መንገድ ሥላታለች፤ ያ ሥራ ዛሬ በኒውዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

መስቀል አደባባይ ራሱ ድርብርብ ነው። ደመራ ይለኮስበታል፤ ደርግ አብዮት አደባባይ ብሎ ሰልፍ አሳይቶበታል፤ ኋላ የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት፤ በ2021 ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት ታደሰ። ሠዓሊዋ ግን ደመራውንም ሰልፉንም አልሣለችም። ያኖረችው ሕዝብ እንዲሰበሰብበት፣ ሥልጣንም እንዲታይበት የተሠራውን ቦታ ንድፍ ነው፤ ያውም ከታህሪር እኩል። የሥራው ድፍረት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ማዕከሉ በስሙ የተጠራው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስም ከኮሎኝ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕል ባሳየ ጊዜ ኢትዮጵያዊነቱ አጠያይቆ ነበር። እሱ በ1981 በስደት ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ፤ ጥያቄው ግን እስካሁን አልለቀቀንም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። በ2009 ለጎልድማን ሳክስ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የሠራችው «ሙራል» 24 ሜትር ግድም ይረዝማል። የንግድን መስመርና የገንዘብን ታሪክ ካርታ አድርጎ ያሳያል፤ ዋጋውን የከፈለውም ያው ገንዘብ ነው። በ«ሞጋማ» ሕዝብ የሚመስለው ጭረት እዚያ ቀለሙ ደምቆ ወደ ጌጥ ያዘነብላል።

ለእኛ ለፓርክ ሂልና ለኦሮራ ነዋሪዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ዴንቨር መሀል ከተማ አለ፦ በ2011 የተከፈተው የክሊፎርድ ስቲል ሙዚየም። ሠዓሊው ስቲል ሥዕሎቹ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ቤት ለሚሠራላቸው ከተማ እንዲሰጡ የተናዘዘ ሰው ነው። ከሱ ግዙፍ ሸራ ፊት ሰው ብቻውን ይቆማል፤ የምህረቱ ሸራ በዚያው ግዝፈት ተመልካቹን ሕዝብ መሀል ይከተዋል። የ«ሞጋማ» ሁለተኛ ክፍል በአትላንታው ሃይ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ዘመድ ሊጠይቅ አትላንታ የሚሄድ ሰው ሥዕሉ መሰቀሉን አስቀድሞ በስልክ ያጣራ፤ ከተሰቀለም መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ጠጋ ብሎ ይመልከተው።