የልብስ ንድፍ ትምህርትና የአምቦ ልብስ ሰፊዎች

ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች የመጣ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ የልብስ ንድፍ ልማር ያለ እንደ ሆነ፥ ዘመዶቹ «ልብስ ሰፊ ለመሆን ነው ይህን ያህል ዓመት የተማርኸው?» ይሉታል። እኛንም ጠይቀውናል። ንቀቱ የቆየ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። የሚያሳዝነው ግን ይኸው ንቀት መልኩን ለውጦ በተማሪው ዘንድም መገኘቱ ነው፤ የሚሥለው እጅ ሲከበር፥ የሚሰፋው እጅ ይረሳል።

ለዚህ ማስረጃ በአምቦ፥ በጉደርና በግንጪ በልብስ ሰፊዎች ደጃፍ የተሰቀለውን የኢሬቻ ልብስ ተመልክተናል። ጥቁሩ፥ ቀዩና ነጩ ቀለም ያማረ ነው። ይሁንና የኦዳው ዛፍ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ የታተመ በሆነበት በአንዳንዱ ቀሚስ፥ ስፌቱ ግንዱን ከሁለት ከፍሎታል። ንድፉን ያወጣው ሰው ጨርቁ የት እንደሚቆረጥ አላሰበበትም ማለት ነው።

በእጅ የተሠራ ሸማ ይህን ስሕተት በቀላሉ አይፈቅድም። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ያንሳል፤ ጥለቱም ቀለም ያለው ማግ በድሩ መካከል እየገባ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በፈለጉበት የሚለጠፍ ሥዕል አይደለም። ስለዚህ የሚቆርጠው ሰው ጥለቱ በደረት፥ በእጅጌና በታችኛው ጫፍ እንዲውል አስቀድሞ ያሰላል።

በአምቦ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጠን ሥራቸውን አይተናል። ሜትራቸውን ሳያነሡ በፊት «ለምን ቀን ነው? ፈረስ ትቀመጥበታለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ፈረስ የሚቀመጥ ከሆነ ሱሪውን በጭኑ መካከል ያሰፉለታል። ይህ ጥያቄ የንድፍ ሁሉ መጀመሪያ ነው እንላለን። በሌላ በኩል፥ የቆረጡትን በወረቀት ስለማያስቀሩት፥ ያንኑ ልብስ ለሌላ ሰው ሲሠሩ እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

የዩኒቨርሲቲው ትምህርት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፓተርን የሚባለውን የወረቀት ቅድ ማውጣትን፥ አንዱን ቅድ ለልዩ ልዩ ቁመና ማሳደግና ማሳነስን፥ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን መመርመርን፥ ዋጋ መተመንን ያስተምራል። መሠረቱ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ የሆነው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ኢንስቲትዩት፥ የጨርቁን ሥራና የልብሱን ንድፍ በአንድ ግቢ ማስተማሩ ትክክለኛ መንገድ ይመስለናል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት በአገሩ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጦ ይሥራ፤ የምረቃው ልብስም በመብራት ፊት በታየበት ቀን ብቻ ሳይሆን፥ ከታጠበና ከተለበሰ በኋላ ልብስ ሰፊዎችም ባሉበት ይመዘን። ያን ጊዜ ለዘመዶቻችን ጥያቄ «አዎን፥ ልብስ ሰፊ ለመሆን ነው» ብለን ሳናፍር እንመልሳለን።