«ተሰበረብኝ» ወይስ «ሰበርሁት»? ከውድቀት ስለ መማር የተጻፉ መጻሕፍትና የእኛ ግለሂስ

በየዓመቱ በጥቅምት ወር በፍራንክፈርት አም ማይን በሚከፈተው ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ትርዒት፣ ከውድቀት ተምሮ ለስኬት መብቃትን የሚሰብኩ መጻሕፍት አይጠፉም። የእነዚህን መሰል መጻሕፍት የአማርኛ ትርጉሞች በአዲስ አበባ መደብሮችና በአዟሪዎች ክንድ ላይም እናያለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ፣ እነዚህ መጻሕፍት ስለ ውድቀት ምን ያስተምሩናል፤ ስለ ራሳችን ውድቀት የጻፍናቸውንስ እንዴት እናንብብ የሚል ነው።

ከዘርፉ ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው «ሰልፍ ሄልፕ» ነው (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ናካሙራ ማሳናኦ በ1871 ወደ ጃፓንኛ ከተረጐመው በኋላ በሜጂ ዘመን እጅግ ተነቧል። ደራሲው አስቀድሞ በሊድስ ከተማ የጋዜጣ አዘጋጅና የፓርላማው ሥርዓት እንዲሻሻል የሚሟገት ሰው ነበር። ከሕግ መሻሻል ይልቅ የግለሰብን ጥረት ያስቀደመው ከዚያ ወዲህ ነው። ትጋትንና ጽናትን ማስተማሩ አይነቀፍም። በዛሬዎቹ ተከታዮቹ ዘንድ ግን ውድቀት ሁሉ የአንድ ሰው ሆኗል፤ ታሪኩም የሚነገረው ባለታሪኩ ከተሳካለት በኋላ ነው። በጋራ ወድቀው ላልተነሡ የሚሆን ምዕራፍ አናገኝም።

የእኛ ውድቀት ደግሞ የጋራ ነበር። መኢሶን በ1968 በሐምቡርግ፣ በኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅት በ1972 በምዕራብ በርሊን፣ ሁለቱም በዚህችው በጀርመን ምድር ተመሠረቱ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው እርስ በርስ ተጋደሉ፤ ሁለቱንም ደርግ ደመሰሳቸው።

ከእልቂቱ የተረፉት ጽፈዋል። ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»፣ አንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ብለዋል። ሁለቱም ለታሪክ ተመራማሪ አስፈላጊ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን አርእስቶቹን እናስተውል። የመጀመሪያው ደራሲ ራሳቸው ከአመራሩ አንዱ ሳሉ «ያ» አሉ እንጂ «እኛ» አላሉም። በሁለተኛው ጉዞው «ተቀጨ»፤ ማን እንደ ቀጨው፣ ተጓዡ ምን ድርሻ እንደ ነበረው ግሡ አይናገርም። አርእስት መላውን መጽሐፍ እንደማይወክል እናውቃለን፤ ሆኖም አማርኛችን የለመደውን መሸሸጊያ ያሳየናል። ብርጭቆ ከእጃችን ሲወድቅ «ተሰበረብኝ» እንላለን፤ «ሰበርሁት» ማለት ይከብደናል። «ስሕተት ተፈጽሟል» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ሂስና ግለሂስን የዘወትር ቃሉ ያደረገ ትውልድ፣ ወደ ጽሕፈት ሲመጣ «ተሳሳትን» የሚለውን ግሥ ሲሸሽ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ሕይወት ተፈራ በ2012 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት «ታወር ኢን ዘ ስካይ» በሌላ መንገድ ሄደዋል። የሚወዱት ጌታቸው ማሩ በገዛ ድርጅታቸው መገደሉን የሚተርኩት «እኔ» እያሉ፣ ያመኑበትንና የተከተሉትን ሳይደብቁ ነው። በዚህ መጽሐፍ ወደ ስኬት የሚያወጣ መሰላል የለም። አንባቢው የሚያየው ቅን ወጣቶች ኅሊናቸውን ለድርጅት እንዴት እንዳስረከቡ ነው። በእኛ አስተያየት ከውድቀት መማር ማለት ይህ ነው።

በዚያ ዘመን ሕፃናት የነበርን፣ ዛሬ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የምንገኝ የስደት ምሁራን ይህን ስንል የዳኛ ወንበር ይዘን አይደለም። በስደት ስንት ማኅበር አቋቁመን ስንት ጊዜ ተከፋፈልን? ስንጠየቅ «አልተሳካም» እንላለን፤ ለምን እንዳልተሳካ ግን አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍንም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ብለን ስለምንፈራ ይመስለናል። እንግዲህ ልጆቻችን ስለ ውድቀት ከባዕድ መጻሕፍት ቢማሩ አንፈርድባቸውም፤ የእኛን አልሰጠናቸውምና።

ስለዚህ ወደፊት የሚወጡትን የትዝታ መጻሕፍት የምንመዝንበት አንድ መለኪያ እናቀርባለን፤ ጸሐፊው «ተሳሳትን» ያለበት፣ እነማን፣ መቼ፣ በየትኛው ውሳኔ እንደ ሆነ የገለጸበት ገጽ አለ ወይ? ይህንኑ መለኪያ ከራሳችን ማኅበራት ቃለ ጉባኤ እንጀምረው።