ሮኬትና እህል በአንድ ክንፍ፦ ስለ ካውንት ፎን ሮዘን ትረካ

በዚህ ጽሑፍ ሂስ የምናቀርበው በአንድ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን በአንድ ትረካ ላይ ነው። በመጻሕፍት፣ በጋዜጣና በቃል ሲዞር የኖረው ይህ ትረካ የስዊድናዊው አብራሪ የካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ታሪክ ነው። ሰውየውን ለማዋረድ አልተነሣንም፤ ለአገራችን የሠራው ሥራ የሚካድ አይደለም። ክሳችን በአተራረኩ ላይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ፋሺስት ጣልያን በ1935 ሲወረን ካውንቱ መጥቶ ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን አበረረ። በ1940 ሶቭየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ አንድ የመንገደኛ ዲሲ 2 አውሮፕላን ቦምብ ጣይ ተደርጎ ተለወጠና እሱው ራሱ እያበረረ ዘመተበት። ከ1946 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች አሠለጠነ። በ1969 ለቢያፍራ ተዋጋ። በ1974 ለተራበው ወገናችን ከአየር እህል ጣለ። ጁላይ 13 ቀን 1977፣ ማለትም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ጎዴ ላይ ለእርዳታ ሥራ እንደ ተሰማራ በሶማሊያ ጥቃት ተገደለ። ታዲያ ይህን የመሰለ ሕይወት ያገኘ ተራኪ ምን ይጎድለዋል? የሚጎድለው ምድር ነው እንላለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚወደደውን የቢያፍራን ምዕራፍ እንመልከት። ቢያፍራ ከናይጄሪያ ተገንጥዬ እቆማለሁ ብላ በ1967 ጦርነት ተነሣ። የፌዴራሉ መንግሥት ሚግ 17 ተዋጊና ኢሊዩሺን 28 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ገበያና መንደርም ተደብድቧል። ካውንቱ በ1968 የእርዳታ እህል ጭኖ ዛፍ ለዛፍ ዝቅ ብሎ በመብረር ወደ ተከበበው ምድር ገባ። ያየው ረኃብ ቁጣ ሆነበት። በሚቀጥለው ዓመት አምስት ትንንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ተገዙ። ሞተራቸው የ100 ፈረስ ጉልበት፣ ሥሪታቸው ለልምምድ ነው። ጋቦን ውስጥ የጦር ቀለም ተቀቡ፤ በየክንፋቸው ሥር 68 ሚሊ ሜትር የፈረንሳይ ሮኬቶች ስድስት ስድስት ሆነው ተሰቀሉላቸው። ሜይ 22 ቀን 1969 ፖርት ሃርኮርት የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወረዱበት፤ በቀጣዮቹ ቀናት ቤኒን፣ ኤኑጉና የኡጌሊ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተመቱ። አብራሪዎቹ ስዊድናውያንና ቢያፍራውያን ነበሩ።

እዚህ ላይ ተራኪዎቻችን ያጨበጭባሉ። ደካማው በብልሃት ብርቱውን ነከሰው! እኛም ማጨብጨብ ያምረናል፤ በ1935 ሰማያችን የጣልያን፣ እጃችን ግን ባዶ ስለነበረ ብልሃት ቶሎ ይማርከናል። ግን እስቲ የሮኬቱን ጠባይ እናስተውል። ይህ ሮኬት ራሱን የሚመራ አይደለም፤ አንዴ ከክንፉ ከወጣ አይዞርም፣ አይታረምም። አብራሪው የሚያነጣጥረው በአውሮፕላኑ በሙሉ ነው። ስለዚህ ዝቅ ብሎ፣ ተጠግቶ መተኮስና ሳይዘገይ መሸሽ አለበት። የመታውን የሚያየው ለጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ጭሱን አይቶ ይሄዳል። ያም ሆኖ ትረካው የወደሙትን አውሮፕላኖች ቁጥር ምስክር እንዳለው ሰው በድፍረት ይነግረናል። አጥቂው አንድ ቁጥር ሲናገር የተጠቃው ሌላ ይናገራል፤ ተራኪው ግን ጀግናውን የሚያሳምረውን መርጦ ይጽፋል። ሮኬቱ ዓይን አልነበረውም፤ ትረካውም ከሮኬቱ ተማረ።

ዓይን ያለው ሚሳይልስ? በ1999 በኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ሱኮይ 27 እና ሚግ 29 በሰማይ ሲጋጠሙ፣ ስለ ውጊያው የተጻፉ ጽሑፎች እንደሚሉት ከሩቅ የተተኮሱት አር 27 ሚሳይሎች አብዛኞቹ ዒላማቸውን ስተዋል። በየሻይ ቤቱ የምንሰማው ግን የወደቀውን አውሮፕላን ብቻ ነው። የሳተው ሚሳይል ወዴት ሄደ? የት ወደቀ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። የጦርነት ትረካ የሚቆጥረው መምታትን ብቻ ነው፤ መሳት ታሪክ የለውም።

ሁለተኛው ጉድለት የሚያስገርም ነው። ካውንቱ ለቢያፍራ ሲዋጋ የናይጄሪያን ጉዳይ የያዘው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አማካሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማን ነበር? አፄ ኃይለ ሥላሴ! በኦገስት 1968 ሁለቱ ወገኖች እዚሁ አዲስ አበባ ለድርድር ተቀምጠዋል። የድርጅቱ አቋም የናይጄሪያ አንድነት ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ስለ አንድነት ሲያስታርቁ፣ የንጉሡን አየር ኃይል ያሠለጠነው ሰው ለመገንጠል ሮኬት ይተኩስ ነበር። ድራማ ማለት ይህ ነው! በተለመደው አተራረክ ግን የቢሾፍቱው ካውንትና የቢያፍራው ካውንት አይተዋወቁም። ጀግናው እንዳይጨማደድ ተብሎ ጥያቄው ተቆረጠ።

ይህ የፈረንጅ ተራኪ ችግር ብቻ አይደለም። እኛ የኮልፌ ልጆች በአንድ ነገር እንኮራለን፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 የውትድርና ትምህርት የተማሩት እዚሁ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ሠፈር ነው። ተኩስ፣ ሞርታርና ፈንጂ መሥራት ተምረዋል። ታሪኩን ስንነግር ከሥልጠናው ሜዳ አንወጣም። መውጣትም አላስፈለገንም፤ ማንዴላ እንደ ተመለሱ ብዙ ሳይቆዩ ተያዙና የኮልፌው ትምህርት በእጃቸው ማንንም ሳይመታ ቀረ። ስለዚህ ኩራታችን ንጹሕ ነው። የቢያፍራው ሮኬት ግን ተተኩሷል። የተተኮሰን ነገር እንዳልተተኮሰ አድርጎ መተረክ አይቻልም።

ወደ 1974 እንምጣ። በዚያ ድርቅ ካውንቱ የተጠቀመባቸው አውሮፕላኖች የቢያፍራዎቹ ታናናሾች፣ የዚያው ነዳፊ ሥራ ነበሩ። ሮኬት ይሰቀልበት በነበረው ዓይነት ክንፍ ሥር አሁን የእህል ጆንያ ተሰቀለ፤ መንገድ ላልደረሰባቸው መንደሮችም ዝቅ ተብሎ ተጣለ። በረራው ያው ዝቅተኛ በረራ ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሮኬት ለሚተኩስ ሰው ከታች ያለው ዒላማ ሆኖ ቢታየው ይበቃዋል። እህል የሚጥል ግን ከታች ማን እንዳለ፣ የት እንደ ቆመ፣ ማን እንደሚያነሣው ማወቅ ግድ ይለዋል፤ አለዚያ ጆንያው ሰው ይገድላል፣ ወይም ለማንም ሳይሆን ይቀራል። እህሉ ተራኪውን ወደ ምድር ይጎትተዋል። የሚያሳዝነው ግን ይህ ምዕራፍ በትረካው ውስጥ ከሁሉ አጭሩ ነው፤ ተቀባዮቹም ስም የላቸውም። ለተራበው ሰው ትረካው «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖበታል።

ይህን የምንለው ላለፈ ነገር ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2022 ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ የተፈናቃዮች መጠለያ በድሮን ተመትቶ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። ዛሬ ጦርነት በስልካችን የሚደርሰን ከላይ በተነሣ ድምፅ አልባ ምስል ነው፤ ነጥብ ይታያል፣ ጭስ ይታያል፣ ያበቃል። በዚህ ዓይን ያደገ አንባቢ ከላይ የተተረከውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ቢቀበል ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ጸሐፊዎቻችንን የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የካውንቱን ታሪክ ጻፉ፤ ግን ፖርት ሃርኮርት ላይ ሮኬቱ ሲወርድ አውሮፕላን ይጠግን ከነበረው ሠራተኛ፣ ወይም በ1974ቱ ድርቅ ጆንያው ሲወድቅ ሮጣ ከሄደችው እናት ጀምሩት። ያኔ ልጆች የነበሩ ዛሬ ስድሳ ያለፋቸው ሰዎች በየሠፈራችን አሉ። በሚቀጥለው እትም ከእነሱ አፍ የተሰማ ታሪክ ጽፎ የሚያመጣ ተማሪ ቢኖር ገጹ ክፍት ነው።